ስሟን ደብቀው ያስዘለሏት ሻምፒዮን፦ ቪኪ ማናሎ

ኦገስት 3 ቀን 2020 ጎግል የመፈለጊያ ገጹን በአንዲት የውሃ ዝላይ ስፖርተኛ ሥዕል አስውቦት ነበር። ሴትየዋ ቪክቶሪያ ማናሎ ድሬቭስ ትባላለች፤ በአጭሩ ቪኪ። ቀኑ ዝም ብሎ አልተመረጠም። ልክ ከ72 ዓመት በፊት በዚያች ቀን፣ ለንደን ላይ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቋን ወስዳ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ሁለተኛውን ደገመች።

ውድ ቤተሰቦቻችን፣ ዛሬ ይዘንላችሁ የመጣነው የእሷን ታሪክ ነው። ሜዳሊያዎቿን ብቻ ቆጥረን አንተዋችሁም። ቪኪ ገንዳው ውስጥ እንድትገባ የተጠየቀችው ዋጋ ብር አልነበረም፤ የአባቷ ስም ነበር። ያ ስም እስኪመለስላት ድረስ ስንት ዓመት እንደፈጀ አብራችሁን ስትቆዩ ታያላችሁ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ስፖርቱ ትንሽ

ዳይቪንግ እኛ ሀገር ብዙ የሚታይ ስፖርት ስላልሆነ አንዳንድ ነገር እንበል። በኦሊምፒክ ለአንድ ተወዳዳሪ ሁለት ዓይነት ዝላይ አለ። አንዱ ስፕሪንግቦርድ ይባላል፤ ከውሃው 3 ሜትር ከፍ ብሎ የተተከለ፣ ሲረግጡት ወደ ላይ የሚያነጥር ሳንቃ ነው። ሌላው ፕላትፎርም ነው፤ 10 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ፣ ጭራሽ የማይነቃነቅ መድረክ። 10 ሜትር ማለት እንደ ሦስት ፎቅ ቤት ቁጠሩት።

ከዚያ ላይ የተወረወረ ሰው ውሃው ጋር ለመድረስ አንድ ሰከንድ ተኩል እንኳን አይፈጅበትም። ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። በዚያች ቅጽበት ውስጥ መገለባበጥ፣ መጠማዘዝ፣ ከዚያ ሰውነትን እንደ ቀስት ቀጥ አድርጎ በእጅ ወይም በእግር መግባት አለ። ትንሽ ከተዛነፈ ውሃው እንደ ግድግዳ ነው የሚመታው። ዳኞች ደግሞ እያንዳንዱን ዝላይ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጡታል፤ ነጥቡ እንደ ዝላዩ ክብደት ይባዛል። ስለዚህ ከባድ ዝላይ መርጦ ማበላሸትም አለ፣ ቀላል መርጦ ነጥብ ማጣትም አለ።

ሁለቱ ውድድሮች የተለያየ ችሎታ ይጠይቃሉ። በአንዱ ሳንቃው ጉልበት ያውስሃል፤ በሌላው ያለኸው አንተው ብቻ ነህ። በአንድ ኦሊምፒክ ሁለቱንም ማሸነፍ ከባድ የሚሆነውም ለዚህ ነው። እስከ 1948 ድረስ ይህን ያደረገች ሴት አልነበረችም።

የሳንፍራንሲስኮዋ ልጅ

ቪኪ ዲሴምበር 31 ቀን 1924፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሰዓታት ሲቀሩት፣ ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ሳውዝ ኦፍ ማርኬት በሚባለው ሠፈር ተወለደች። ብቻዋንም አልመጣችም፤ መንታ እህት አለቻት። አባቷ ቴኦፊሎ ማናሎ ከፊሊፒንስ የመጣ ምግብ አብሳይና ሙዚቀኛ ነበር። እናቷ ጌርትሩድ ቴይለር ደግሞ ከእንግሊዝ የመጣች፣ ሆቴል ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት።

በዚያን ጊዜ ፊሊፒንስ በአሜሪካ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። ፊሊፒናውያን ያለ ቪዛ ካሊፎርኒያ መጥተው እርሻ ላይ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ መርከብ ላይ ይሠሩ ነበር። ለሥራ ይፈለጋሉ፤ ለጎረቤትነት ግን አይፈለጉም። ነጭ ሴት ያገባ ፊሊፒናዊማ ጎዳና ላይ ዓይን የሚበላው ሰው ነበር። ቪኪ ገና ልጅ ሳለች፣ በ1933፣ የካሊፎርኒያ ሕግ ይበልጥ ጠነከረ፤ ነጮች እንዳያገቧቸው ከተከለከሉት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ማላይ በሚል ቃል ፊሊፒናውያንም በግልጽ ገቡ። የእሷ አባትና እናት ዓይነት ጋብቻ ማለት ነው።

ቤቱ የድሃ ቤት ነው። ቪኪ የባሌ ዳንስ ዳንሰኛ መሆን ትመኝ ነበር፤ ለትምህርቱ የሚከፈል ገንዘብ ግን አልነበረም። ውሃ ደግሞ ትፈራለች። ዋና የለመደችው ዘጠኝና አሥር ዓመት ሲሆናት ነው፤ ሚሽን በሚባለው ሠፈር ባለው የሕዝብ ገንዳ፣ በአምስት ሳንቲም መግቢያ። ባሌ ያጣችው ልጅ በኋላ አየር ላይ የምትሠራውን ስታስቡት፣ ያ ምኞት ሌላ በር ፈልጎ የወጣ ይመስላል።

ትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ፣ ባድሚንተን፣ ሶፍትቦል ትጫወታለች። እግሮቿ ጠንካራ ናቸው፤ ሰውነቷን ማዘዝ ታውቃለች። ዳይቪንግ የጀመረችው ግን 16 ዓመት ሲሆናት ነው። ለዚህ ስፖርት ዘግይቷል የሚባል ዕድሜ ነው፤ ሌሎቹ በዚያ ዕድሜ ለውድድር ይሰለፋሉ።

ስምሽን ቀይሪ

ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ኖብ ሂል የሚባል የሀብታሞች ኮረብታ አለ። እዚያ ላይ ፌርሞንት ሆቴል ቆሟል። ሆቴሉ የዋናና የዳይቪንግ ክለብ ነበረው፤ አሰልጣኙ ፊል ፓተርሰን ይባላል። ቪኪን ያየ ሰው ችሎታ እንዳላት ገብቶት ወደዚህ ሰው ወሰዳት።

ፓተርሰንም ችሎታዋን አላጣውም። ነገር ግን ክለቡ ፊሊፒናዊት አይቀበልም። ምን ተደረገ መሰላችሁ? ለእሷ ብቻ ሌላ ክለብ ተፈጠረ፤ የፓተርሰን የዋናና የዳይቪንግ ትምህርት ቤት ተባለ። አባሉ አንድ ሰው ነው፤ እሷ። ከሌሎቹ ጋር አትቀላቀል፣ ግን ትዝለል።

ሁለተኛው ቅድመ ሁኔታ ይብሳል። በአባቷ ስም መወዳደር አልቻለችም። ማናሎ የሚለው ስም ውጤት መዝገብ ላይ ከተጻፈ ሁሉም ሰው ማን እንደሆነች ያውቃል። ስለዚህ የእናቷን የትውልድ ስም ይዛ ቪኪ ቴይለር ሆነች። ቴይለር የእንግሊዝ ስም ነው፤ ማንንም አያስደነግጥም።

እኛ ሀገር የአባት ስም ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም። ልጅ ስሙ ሲጠራ አባቱ አብሮ ይጠራል። አባትየው በሕይወት እያለ፣ ልጁ የሱን ስም አውልቆ እንዲቆም ሲጠየቅ አስቡት። ውጭ ሀገር ሥራ ሲፈልጉ ስማቸውን ያሳጠሩ ቤተሰቦቻችን ይሄ ነገር ይገባቸዋል።

ጉዱ ደግሞ እዚህ ጋ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል አይደል? በፊሊፒንስ በሚነገረው በታጋሎግ ቋንቋ ማናሎ ማለት ማሸነፍ ማለት ነው። ውድድር እንድትገባ ብለው ያስወለቋት ስም ማሸነፍ የሚል ነበር።

16 ዓመቷ ነው። እምቢ ብትል የምትሄድበት ሌላ ገንዳ የለም። እሺ ብላ ዘለለች።

ከቢሮ ወደ ገንዳ

በ1942 ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰች። ያኔ አሜሪካ ጦርነት ውስጥ ገብታለች። አሰልጣኙ ወደ ውትድርና ሄደ፣ ለእሷ ብቻ የተፈጠረው ክለብም አብሮት ጠፋ። ቪኪ ወደብ ላይ በሚገኝ የጦር ሠራዊት ሕክምና ቢሮ የጽሕፈት ሥራ ያዘች። ቀን ትጽፋለች፤ ዳይቪንግ የሚባለው ነገር ለተወሰነ ጊዜ ቆመ።

በኋላ ቻርሊ ሳቫ የሚባል የታወቀ የዋና አሰልጣኝ በሚመራው ክሪስታል ፕለንጅ በተባለ ገንዳ ልምምድ ጀመረች። እዚያ ሌላ አሰልጣኝ ተመደበላት። ከሥራ ወጥታ ገንዳ፣ ከገንዳ ወጥታ ቤት። ደሞዟ የጽሕፈት ሠራተኛ ደሞዝ ነው። ከስፖርቱ አንዲት ሳንቲም አታገኝም፤ ማግኘትም አይፈቀድላትም። ለምን እንደሆነ ወደታች እንመለስበታለን።

ሳሚ ሊ የሚባል ሰው

ወደ ሀገር አቀፍ ውድድሮች መሄድ ስትጀምር ከአንድ ወጣት ጋር ተዋወቀች። ሳሚ ሊ ይባላል። ወላጆቹ ከኮሪያ የመጡ ናቸው፤ የሕክምና ትምህርት እየተማረ ዳይቪንግ ይወዳደራል። ሁለቱ ለመግባባት ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ ቁስላቸው አንድ ነው።

ሳሚ ያደገው ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓሳዲና በሚባል ከተማ አካባቢ ነው። የከተማው ገንዳ ነጭ ላልሆኑ ሰዎች ክፍት የሚሆነው በሳምንት አንድ ቀን፣ ረቡዕ ብቻ ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ተለማምዶ ሻምፒዮን መሆን አይቻልም። ስለዚህ አሰልጣኙ ጓሮው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ አሸዋ ሞላለት፤ ሳንቃም ተከለለት። ሳሚ ሌሎቹ ውሃ ላይ ሲለማመዱ እሱ አሸዋ ላይ እየዘለለ ነው ያደገው። አሸዋ ደግሞ በጭንቅላት አይገባበትም፤ በእግር ማረፍ ግድ ነው። እግሩን ያጠነከረውም ይኸው ነበር።

ሳሚ ቪኪን ከጓደኛው ከላይል ድሬቭስ ጋር አስተዋወቃት። ላይል ከሳንፍራንሲስኮ ማዶ፣ ባሕር ወሽመጡን ተሻግሮ ባለው ኦክላንድ ከተማ የዳይቪንግ አሰልጣኝ ነበር። ቪኪ እስከዚያ ድረስ ትኩረቷ ስፕሪንግቦርዱ ላይ ነበር። ወደ 10 ሜትሩ እንድትወጣ የገፋፋት ላይል ነው። ውሃ ትፈራ የነበረችው ልጅ አሁን ሦስት ፎቅ ላይ ቆማ ቁልቁል ታያለች።

ነገሩ በስልጠና ብቻ አላበቃም። በ1946 ተጋቡ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የፕላትፎርም ሻምፒዮን ሆነች። በ1947 ደገመች። በ1948 ሠለሰች። ስሟ አሁን ቪኪ ድሬቭስ ነው፤ የባሏን ስም ይዛለች። ከማናሎ ወደ ቴይለር፣ ከቴይለር ወደ ድሬቭስ። የመጨረሻው በፍቅር የመጣ ቢሆንም፣ መዝገቡ ላይ አባትየው አሁንም የለም።

ለንደን፣ 1948

በ1940 እና በ1944 ኦሊምፒክ አልነበረም፤ ዓለም እየተዋጋ ነበር። ለንደን በ1948 ስታዘጋጅ ከቦምብ ፍርስራሽ ገና አልወጣችም። ምግብ በራሽን ነው የሚታደለው። አዲስ የኦሊምፒክ መንደር የሚሠራበት ገንዘብ ስለሌለ ስፖርተኞች በጦር ካምፖችና በኮሌጆች አደሩ። ጀርመንና ጃፓን አልተጋበዙም። ኢትዮጵያም ገና አልጀመረችም፤ የእኛ የመጀመሪያው ኦሊምፒክ ከስምንት ዓመት በኋላ ሜልቦርን ላይ ነው።

የአሜሪካ ቡድን አትላንቲክን የተሻገረው በመርከብ ነው። ቪኪም ሳሚም ውስጡ ነበሩ። ቪኪ 23 ዓመቷ ነው፤ ሳሚ 28 ሊሞላው ቀናት ቀርተውታል፤ ሕክምናውንም ጨርሶ ዶክተር ሆኗል። ለሁለቱም የመጀመሪያ ኦሊምፒካቸው ነው። ጦርነቱ ባይኖር ሳሚ ከዚያ በፊት ሁለት ዕድል ያገኝ ነበር።

ውድድሩ ዌምብሌ በሚገኘው ኤምፓየር ፑል፣ ጣሪያ ባለው ገንዳ ውስጥ ተካሄደ። የመጀመሪያው ስፕሪንግቦርድ ነው። ቪኪ በራሷ የማትተማመነው በዚህኛው ነበር፤ ሻምፒዮንነቷ በፕላትፎርም እንደሆነ ታውቃለች። ዋና ተፎካካሪዋ ደግሞ የራሷ ሀገር ልጅ ናት፤ ዞዪ አን ኦልሰን፣ ገና 17 ዓመቷ። ይቺን ልጅ ያሰለጠናት ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የቪኪ ባል ላይል! አንድ ሰው ያፈራቸው ሁለት ሴቶች ለአንድ ወርቅ ተፋጠጡ።

ፉክክሩ እስከ መጨረሻው ዝላይ ድረስ ሄደ። የቀራት ዝላይ ጀርባን ለውሃው ሰጥቶ ወደ ኋላ አንድ ጊዜ ተኩል መገለባበጥ ነው፤ ያውም ሰውነትን ሳያጥፉ ቀጥ አድርጎ። ውሃው የት እንዳለ የሚታየው በመጨረሻዋ ቅጽበት ነው። ቪኪ ጉልበቷ ከዳት። ሳሚ ጋ ሄዳ እንደማይሆንላት ነገረችው።

ሳሚ አላባበላትም። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣችው እዚህ ጋ ለመተው እንዳልሆነ፣ ወጥታ የምታውቀውን እንድትሠራ ነው የነገራት። የአሸዋ ጉድጓድ ውስጥ ያደገ ሰው ሲናገር ምክሩ ክብደት አለው።

ወጣች። ሳንቃው ጫፍ ላይ ጀርባዋን አዞረች። ዘለለች።

ውጤቱ ሲነገር ቪኪ 108.74፣ ዞዪ አን 108.23። ልዩነቱ ግማሽ ነጥብ ነው፤ 0.51 ብቻ። ሦስተኛዋም አሜሪካዊት ናት፤ ፓቲ ኤልስነር። ያቺ አንዲት ዝላይ ትንሽ ብትበላሽ ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ አንጽፍም ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ኦገስት 5፣ ሳሚ ሊ በወንዶች ፕላትፎርም ወርቅ ወሰደ። ቪኪ ከኤሽያ የዘር ሐረግ ያላት የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ስትሆን፣ ሳሚ በወንዶች የመጀመሪያው ሆነ። አንዷ ለብቻዋ ክለብ የተፈጠረላት፣ አንዱ ረቡዕ ብቻ የሚዋኝ። በ48 ሰዓት ውስጥ ሁለት ወርቅ።

በማግስቱ፣ ኦገስት 6፣ የሴቶች ፕላትፎርም ሆነ። እዚህ ላይ ቪኪ ቤቷ ናት። 68.87 አገኘች፤ ፓቲ ኤልስነር በ66.28 ሁለተኛ፣ ዴንማርካዊቷ ቢርተ ክሪስቶፈርሰን በ66.04 ሦስተኛ ሆኑ። በአንድ ኦሊምፒክ ስፕሪንግቦርድንም ፕላትፎርምንም በግል ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት፣ ቪኪ። ድርብ ወርቁን ከእሷ በኋላ ፓት ማኮርሚክ የተባለች ሌላ አሜሪካዊት በ1952ም በ1956ም ደገመችው። እሷም በላይል ድሬቭስ እጅ ያለፈች ናት።

አንድ ነገር እንጨምርላችሁ። ቪኪ ለአሜሪካ ሁለት ወርቅ ይዛ በተመለሰችበት በዚያው ዓመት፣ ኦክቶበር 1 ቀን 1948፣ የካሊፎርኒያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የተለያየ ዘር ያላቸው ሰዎች እንዳይጋቡ የሚከለክለውን ሕግ በአራት ለሦስት ድምፅ ሻረው። ጉዳዩን የወሰዱት ሌሎች ጥንዶች ናቸው፤ ቪኪ እጇ የለበትም። ግን ቀኖቹን አስተያዩዋቸው። ዌምብሌ ላይ የአሜሪካ ባንዲራ ሁለት ጊዜ ሲሰቀልላት፣ በትውልድ ግዛቷ እንደ አባቷና እናቷ ያሉ ጥንዶች እንዳይጋቡ የሚከለክለው ሕግ ገና አልተሻረም ነበር።

ወርቅ እንጀራ አይሆንም

አሁን ቃል ወደገባንላችሁ ጉዳይ እንመለስ። ዛሬ አንድ ስፖርተኛ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ቢያገኝ የጫማና የመጠጥ ኩባንያዎች በሩን ያንኳኳሉ። በቪኪ ዘመን ኦሊምፒክ የአማተሮች ነበር። አማተር ማለት ከስፖርቱ ምንም ገንዘብ የማይቀበል ሰው ነው። ሽልማት ብር የለም፣ ማስታወቂያ የለም፣ አሰልጥኖ መከፈል እንኳን ያስቀጣል። በ1912 ሁለት ወርቅ የወሰደው ጂም ቶርፕ ከዚያ በፊት ቤዝቦል ተጫውቶ ትንሽ ገንዘብ ተቀብሏል ተብሎ ሜዳሊያዎቹን ተነጥቋል። ሁሉም ይህን ያውቃል።

ደንቡን ያወጡት ሰዎች ስፖርትን ከገንዘብ ማጽዳት ነው ይሉ ነበር። እውነታው ግን ያለ ደሞዝ ዓመታት መለማመድ የሚችለው የሀብታም ልጅ ነው። የምግብ አብሳይ ልጅ ከስምንት ሰዓት ሥራ በኋላ ነው ገንዳ የምትገባው።

ስለዚህ ቪኪ ከለንደን ስትመለስ ሁለት ምርጫ ነበራት። ለ1952ቱ ሄልሲንኪ ሌላ አራት ዓመት ያለ ክፍያ መልፋት፣ ወይም በሙያዋ መብላት። ሁለተኛውን መረጠች፤ ፕሮፌሽናል ሆነች። በቃ፣ የኦሊምፒክ በር በዚያው ተዘጋባት። 23 ዓመቷ ነው።

የሥራ ቦታዋ የውሃ ላይ ትርኢቶች ሆነ። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ዋናና ዳይቪንግ ከሙዚቃና ከመብራት ጋር እንደ ሰርከስ ይታይ ነበር፤ ሕዝቡ ትኬት ቆርጦ ይገባል። ቪኪ ከእነዚህ ትርኢቶች ጋር፣ በተለይ የቀድሞው የዋና ኦሊምፒክ ሻምፒዮንና የፊልም ተዋናይ ባስተር ክራብ ከሚመራው ቡድን ጋር፣ አሜሪካንም አውሮፓንም ዞረች። በሌላ አነጋገር፣ በልጅነቷ ገንዘብ አጥታ የተወችውን መድረክ በመጨረሻ አገኘችው፤ መድረኩ ውሃ ነው እንጂ።

ሳሚ ሊ በአማተርነቱ ቀጠለ፤ የሠራዊቱ ሐኪም ሆኖ እየሠራ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ፕላትፎርሙን በድጋሚ አሸነፈ፤ ያውም በ32ኛ የልደት ቀኑ። እሱ መቆየት የቻለው ዶክተርነት ስላበላው ነው። የጽሕፈት ሠራተኛዋ ግን እንደዚያ አልቻለችም። ከመጀመሪያ ዝላይዋ እስከ ሁለተኛው ወርቅ የፈጀባት ወደ ሰባት ዓመት ነው። አራት ዓመት ቢጨመርላት የት ትደርስ ነበር የሚለው መልስ የሌለው ጥያቄ ነው።

የአባቷ ሀገር

በ1949 ከፊሊፒንስ ግብዣ መጣ። ሀገሪቱ ነፃነቷን ካገኘች ገና ሦስት ዓመቷ ነው፤ ማኒላ በጦርነቱ የወደመች ከተማ ነበረች። ቪኪ ከባሏ ጋር ሄደች። ሕዝቡ ፊት የዳይቪንግ ትርኢት አሳየች፤ ፕሬዚዳንት ኤልፒዲዮ ኪሪኖም ተቀበሏት። አባቷ የመጣበትን ኦራኒ የሚባል ቦታ ሄዳ ዘመዶቿን አየች።

ነገሩን በእነሱ ዓይን እዩት። የፊሊፒንስ ሕዝብ ለኦሊምፒክ ወርቅ እስከ 2021 ድረስ ጠብቋል፤ በክብደት አንሺዋ በሂዲሊን ዲያዝ ነው የመጣላቸው። ቪኪ የወሰደችው ለአሜሪካ ቢሆንም እነሱ ግን እንደ ራሳቸው ልጅ ነው የቆጠሯት። ሳንፍራንሲስኮ ላይ አፍረውበት የደበቁት ስም ማኒላ ላይ የሚኮሩበት ስም ሆነ።

ከዚያ በኋላ ሕይወቷ ወደ ጸጥታው ሄደ። ደቡብ ካሊፎርኒያ ተቀምጠው አራት ወንዶች ልጆች ወለዱ፤ አራቱም መዝለል ተማሩ። ከላይል ጋር የዋናና የዳይቪንግ ስልጠና ይሰጡ ነበር። ላይል ያሰለጠናት ሱ ጎሲክ በ1968 ሜክሲኮ ላይ በስፕሪንግቦርድ ወርቅ ወሰደች። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1969፣ ቪኪ ራሷ ዓለም አቀፉ የዋና የክብር መዝገብ ውስጥ ገባች። ከ60 ዓመት በላይ በትዳር ኖረዋል።

ስሙ ተመለሰ

ኦክቶበር 2006 ሳንፍራንሲስኮ፣ ሳውዝ ኦፍ ማርኬት ሠፈር ውስጥ አንድ መናፈሻ ተመረቀ። ስፋቱ 8 ሺህ ካሬ ሜትር አካባቢ ነው፤ የቅርጫት ኳስ ሜዳ አለው፣ የልጆች መጫወቻ አለው፣ ሣር አለው። ከተወለደችበት ቦታ በእግር የሚደረስ ነው። አካባቢው ዛሬም የፊሊፒናውያን ሠፈር ነው፤ ልጆቻቸው እዚያ ይጫወታሉ።

የመናፈሻው ስም ቪክቶሪያ ማናሎ ድሬቭስ ነው። ማናሎ መሃል ላይ ቁጭ ብሏል፤ ሳይደበቅ፣ በትልቁ ተጽፎ። ይህ ሲሆን ቪኪ 81 ዓመቷ ነበር፤ በሕይወት አይታዋለች። ስሙን ካወለቀችበት ከ16 ዓመቷ ጀምሮ ስትቆጥሩት 65 ዓመት ነው። አባቷ ግን ያንን ቀን ለማየት አልቆየም።

ቪኪ ኤፕሪል 11 ቀን 2010 በ85 ዓመቷ ካሊፎርኒያ፣ ፓልም ስፕሪንግስ ውስጥ በቆሽት ካንሰር አረፈች። ወንድም ያህል የሆናት ሳሚ ሊ በ2016 ተከተላት።

እኛ ይህን ታሪክ ስናገላብጥ የቆየብን ጥያቄ ስለ ፓተርሰን ነው። ሰውየው ክፉ ነበር ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፤ እሱ ባይኖር ግን ዳይቪንግን የሚያስተምራት አልነበረም። ስሟን የወሰደባት ሰው ሙያዋን የሰጣት ሰውም ነው። ቪኪ ይህንን ዕድሜ ልኳን ተሸክማ ኖራለች። በእሷ ቦታ ብትሆኑ ስማችሁን ሰጥታችሁ ትዘሉ ነበር ወይስ ስማችሁን ይዛችሁ ወደ ቤት ትመለሱ ነበር? መልሱ ቀላል የሚመስለው ገንዳው ከተዘጋበት ሰው ውጪ ለሆነ ሰው ነው።